ለምርቃት ስለተሰጠው ልጄ፣ ለማዕበል ቤዝቦል ክለብ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ሊኦር፣
የማዕበል ቤዝቦል ክለብ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ናታንያ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም ዘወትር ከጉያዎ የማይለየውን የዚያን ላፕቶፕ ጤና እጠይቃለሁ። እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ሺኩን ቫቲኪም ባለችው ቤቴ ደህና ነኝ። ልጆቼም በሕይወት አሉ፤ ይሁን እንጂ ካለፈው የተጫዋቾች ልውውጥ ማብቂያ ቀን ወዲህ ደህንነታቸው እንደ ቀድሞው አልሆነምና፣ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ቃላት ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር እንዲሉኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ቃኘው አቻምየለህ እባላለሁ። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። በዶራው ሜዳ ከሽቦው አጥር ጀርባ በነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳላጎድል የተቀመጥሁት ሽማግሌ እኔ ነኝ። በዚህ ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሆነው በመጡ በሳምንትዎ፣ ወንበሬ ፎቶግራፍ ያበላሻል ብለው ሁለት ክንድ ወደ ግራ እንድገፋ በጨዋ ቋንቋ አሳስበውኝ ነበርና፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምንተዋወቅ ይመስለኛል።

በአማርኛ የጻፍሁት ንቄዎት አይደለም። በዕብራይስጥ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ሦስቱንም ጊዜ መልእክቴ እንደ ደረሰና እኔም ለክለቡ እጅግ አስፈላጊ ሰው እንደ ሆንሁ የሚገልጽ፣ ነጥቡ እንኳ ያልተለወጠ አንድ ዓይነት መልስ ደረሰኝ። የሚያነበው ማሽን ከሆነ በየትኛውም ቋንቋ ብጽፍ ለእሱ ለውጥ የለውምና፣ እጄ በለመደው ጻፍሁ። ግልባጩን በምኩራባችን ሰሌዳ፣ በዶራ የአውቶቡስ መቆሚያና በሜዳው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ለእርስዎም ቢሮዎን የምታጸዳው ወይዘሮ ኤሊሸቫ አማርኛ አሳምራ ታነባለችና ትተረጉምልዎታለች። ይሉኝታ የሚያጠቃት ሴት ስለሆነች መራራ መራራውን እየዘለለች እንደምታነብልዎ አልጠራጠርም፤ የዘለለችው እንዳለ ለማወቅ ከፈለጉ ግን እባክዎ ፊቷን ይመልከቱ።

ደብዳቤውን በአውቶቡስ መቆሚያው ለሚያነቡት ጎረቤቶቼ ስል ይህን ጨዋታ ባጭሩ ልግለጽ፤ ክቡርነትዎም ቢያዳምጡት አይጎዳዎትም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ከመቺው ጀርባ ደግሞ ፊቱን በጭምብል፣ ደረቱን በመከላከያ ሸፍኖ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የሚመጣለትን ሁሉ በጓንቱ የሚቀበል ሰው አለ። ይህ ሰው ተቀባይ ይባላል። ሜዳውን ሁሉ ፊት ለፊት የሚያይ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር የሚያዘውም እሱ ነው። የበኩር ልጄ ምንይችል ተቀባይ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከእርስዎ ቢሮ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ የካርቶን ፋብሪካ ማልገዛ፣ ማለትም ዕቃ የሚያነሳውን መኪና ይነዳል። ታናሹ ብዙዓየሁ ደግሞ ወርዋሪ ነው።

ሌሎች ቡድኖች ምልክት የሚሰጣጡት በጣት ነው። የእኔ ልጆች በእህል ነው። ምንይችል ጤፍ ብሎ ከጮኸ ፈጣን ኳስ፣ ዳጉሳ ካለ የሚታጠፍ፣ ኑግ ካለ ደግሞ መቺው ሳያስበው የሚወርድ ነው። ሁለቱም ጤፍ ሲያጭዱ አድገው አይደለም፤ ታናሹ እንዲያውም የተወለደው እዚሁ ናታንያ ነው። እናታቸው ባንች፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጎንደርን እህል ሁሉ ስሙን እየጠራች አሳድጋቸው ነው። ተጋጣሚዎቻችን ልጁ የሚጸልይ እየመሰላቸው ሦስት ዓመት ተሸነፉልን፤ አንድ ዳኛማ ጸሎቱን እስኪጨርስ ብሎ ጨዋታውን አቁሞ በአክብሮት ጠብቆታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከልውውጡ ማብቂያ ቀን በፊት ነበር። አሁን ወደ አቤቱታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፤ ስለዚያች ስለተባረከች ማክሰኞ።

በዚያች አንዲት ቀን፣ የዝውውሩ በር ሊዘጋ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ክቡርነትዎ ሁለት ውል ተዋውለው ቡድናችንን እንዳደሱት በክለቡ ገጽ ላይ አንብቤያለሁ። በመጀመሪያው ውል ሁለቱን ፈጣን ሯጮቻችንን ኔሪያንና ዮአቭን ሰጥተው አንድ ግራኝ መቺ ተቀበሉ። መቺው ድንቅ ሰው ነው ይባላል፤ የሚመጣው ግን አሐሬ ሐጊም፣ ከበዓላት በኋላ ነው። የውድድሩ ዘመን የሚያልቀው ከበዓላት በፊት መሆኑን እኔ ወንበር ላይ የምቀመጥ ሽማግሌ ካወቅሁ፣ እርስዎ ላፕቶፕ ያለዎ ሰው ሳያውቁት ቀርተው ነው ብዬ ለማሰብ አልደፍርም። በሁለተኛው ውል ደግሞ ከሰሜኑ ክለብ አንድ የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂ፣ ማለትም መቺው መትቶ ሲሮጥ መጀመሪያ የሚረግጣትን ማረፊያ የሚጠብቅ ሰው፣ አመጡ። ቀድሞ አራት ነበሩን፤ አሁን አምስት ሆኑ። ቤዟ ግን፣ መቼም የጨዋታው ሕግ ሆኖ፣ አንድ ብቻ ናት፤ አራቱ በየተራ አግዳሚው ላይ ተደርድረው የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማሉ።

ለዚህ ለአምስተኛው ሰው የሰጡት ኳስ የሚወረውረውን ማሽናችንን ነበር። ማሽኑ አንድ እግሩ ሰባራ ስለሆነ የሰሜኑ ሰዎች ቅር አላቸው። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ላፕቶፑን ከፍተው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጨዋታ ያልተጫወተ፣ አንድም ጊዜ ያልመታ፣ አንድም ጊዜ ያልቀረ፣ ያላጉረመረመ፣ ለማንም የማያስፈልግ አንድ ተጠባባቂ አገኙ። ስሙ ያኮቭ አቻምየለህ። እሱን ከተሰበረው ማሽን ላይ ምርቃት አድርገው ጨመሩት። ሽንኩርት የሚሸጥ ሰው እንኳ ለምርቃት የሚጨምራትን አገላብጦ ያያታል፤ እርስዎ ግን ፊቱን ሳያዩ ፈረሙ።

ክቡር ሆይ፣ ያኮቭ አቻምየለህ ማለት ምንይችል ቃኘው ነው። አንድ ሰው ነው። ባለ ሁለት ጉልበት፣ ሁለቱም የሚያመው፣ አንድ ልጄ ነው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ሳስረዳ የራሴንም ጥፋት አልደብቅም። ክለቡ ሲቋቋም የምዝገባውን ወረቀት የሞላሁለት እኔ ነኝ፤ እሱ በሥራ ላይ ነበር። በአገራችን ደንብ የልጁን ስም ከነአባቱ ጻፍሁ፦ ምንይችል ቃኘው። ከሳምንት በኋላ ጸሐፊዋ ተዑዳት ዜሁት የሚባለውን መታወቂያ አምጡ አለችን። በመታወቂያው ላይ የእኔ አባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ ልጄም ሌላ ስም ይዞ ተቀምጧል፤ እናም ሁለተኛ ወረቀት ያኮቭ አቻምየለህ ተብሎ ተሞላ። የፊተኛው ይቀደድ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ይህዬ ቤሴደር፣ ደህና ይሆናል፣ ተውት አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ አገር ኖሬ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ልቤ መደንገጥ ሲገባው፣ ያን ቀን አምኜ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ጥፋቴ ይህ ነው።

በሜዳው ግን ያኮቭ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ጨዋታውን በመዝገብ የምትጽፈው ያፊት፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አጃቢ ሆና የምትሠራ፣ ፊደሏ የጠራ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንይችል ብላ ጻፈችው። ስለዚህ በእርስዎ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ልጆች ተወለዱልኝ፤ አንዱ ስድሳ አንድ ጨዋታ የተጫወተ ጀግና፣ ሁለተኛው ጥላ የሌለው ሰነፍ። በዓመቱ መጀመሪያ በግድግዳ ላይ ባሳዩን ሥዕል የምንይችል ስም በአረንጓዴ ተቀልሞ ነበር፤ ይህን ሰው ለማንም በምንም አልሰጠውም ብለው ሲናገሩ ከኋላ ቆሜ ሰምቼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ለዚያች ደቂቃ ደስታ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ።

ልጄ መሸጡን የሰማው ማልገዛው ላይ ሆኖ ነው። ያኮቭ፣ ስለ አገልግሎትህ እናመሰግናለን፣ በአዲሱ ቦታህ ይቅናህ የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ገባ። ያኮቭ የሚሉት በፋብሪካ ብቻ ስለሆነ ከሥራ የተባረረ መሰለው። መኪናውን አቁሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አለቃው ዘንድ ሄደና ምን አጠፋሁ ብሎ ጠየቀ። አለቃው ደግሞ አንድ ሰው እንደሚቀነስ ሰምቶ ኖሮ፣ አንተ መሆንህን አላወቅሁም ብሎ አብሮት አዘነ። ሁለቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ለአንድ ሰዓት የተላቀሱት በእርስዎ ምክንያት መሆኑን ቢያውቁ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያዎቹ።

ስሕተቱ በታወቀ ማግስት ክለቡ ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ይቅርታ አልመጣም፤ የመጣው ለምንይችል ቃኘው የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ያለ ፈቃድ ከልምምድ ስለ ቀረ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል ይላል። በሳምንቱ ሁለተኛው መጣ። በአንድ በኩል ያኮቭ በአስቸኳይ ወደ ሰሜን ካልሄደ ሊጉ ዓመቱን በሙሉ እንደሚያግደው ያስታውቁታል፤ በሌላ በኩል ምንይችል ለምን ናታንያ አልተገኘም ብለው ይገሥጹታል። እኔ ልጄን ለሁለት መክፈል አልችልም፤ እናቱም ብትኖር አትችልም ነበር። ከዶራ እስከ ሰሜኑ ሜዳ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ክለቡ ለሁለቱ ልጆቼ አንድ የአውቶቡስ ካርድ እንኳ ቢልክ ኖሮ ቢያንስ ለአንደኛው ይደርሰው ነበር።

በዚህ መካከል ቡድኑ ተጫወተ። አዲሱ ተቀባይ የክቡርነትዎ የአክስት ልጅ ኤሊኦር ነበር። መልካም ጎረምሳ ነው፤ አልጠላውም። ከአምስቱ የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂዎች አንዱ ሳለ ጭምብል አጥልቀውበት አስቀመጡት። ምልክቶቹን እንዲያጠና ሦስት ቀን ሰጥተውት ስለ ነበር ከሦስቱ እህሎች አንዱን ብቻ አጥንቶ መጣ። ብዙዓየሁ ምንም ሊወረውር ሲነሣ ኤሊኦር ዳጉሳ እያለ ይጮኻል። ታጣፊው ሲመጣ ዳጉሳ፣ ፈጣኑ ሲመጣ ዳጉሳ፣ ኳሱ ደረቱን መትቶት ሲወድቅም ዳጉሳ። አሥራ አራት ለአንድ ተሸነፍን። ያቺን አንድ ነጥብ ያገኘነው ተጋጣሚው ሲስቅ ኳስ ጥሎ ነው።

ብዙዓየሁ ያን ቀን ወደ ቤቴ እንደ መጣ የወንድሙን አሮጌ ጓንት ዘይት ቀባው፣ አሰረው፣ ፈታው፣ እንደገና ቀባው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ ሲያለቅስ ያየሁት የእናቱ ቀብር ላይና ያን ቀን ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ሽማግሌዎቹ።

እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲቀያየም መጀመሪያ የሚሄደው ሽማግሌ ነው፤ ከሳሽ ሆኖ ሳይሆን ለማስታረቅ። እኔም እንደ ወጉ ሦስት የተከበሩ አባቶች ለምኜ ላክሁብዎ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ፖሌግ ደረሱ። በሩ ላይ ያለችው ልጅ የሕክምና ቀጠሮ ያላቸው መስሏት ምድር ቤት ወዳለው ክሊኒክ ላከቻቸው፤ እዚያ አርባ ደቂቃ ወረፋ ጠብቀው የደም ግፊታቸው ከተለካ በኋላ ስሕተቱ ታውቆ ወደ እርስዎ ወጡ። ለደም ግፊቱ አመሰግናለሁ፤ የአንደኛው ከፍ ብሎ ተገኝቶ መድኃኒት ጀምሯል።

እርስዎም በደስታ ተቀበሏቸው። ቆመው ይለምኑ ዘንድ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ለእያንዳንዳቸው ሰማያዊ የክለብ ኮፍያ በራሳቸው ላይ አደረጉላቸው። በሰጪው ፊት ኮፍያ አውልቆ መጣል በእኛ ነውር ስለሆነ ኮፍያውን እንደ ደፉ ተቀመጡ። ከዚያ አቅፈዋቸው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ስብሰባ አለብኝ ብለውም ሸኟቸው። በማግስቱ ፎቶግራፉ በክለቡ ገጽ ላይ ወጥቶ፣ የማኅበረሰቡ አባቶች ለአዲሱ የተጫዋቾች ዝርዝር ሙሉ ድጋፋቸውን ሊሰጡ መጡ የሚል ተጽፎበታል። ለዕርቅ የሄዱ ሰዎች ለእርስዎ ውል ምስክር ሆነው ተመለሱ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ሽምግልና አይቻለሁ፤ ሽማግሌውን ከነጭራው ማስታወቂያ አድርጎ የመለሰ ሰው ግን እርስዎ የመጀመሪያዬ ነዎት። ከሦስቱ አንዱ እስከ አሁን ምኩራብ ሲገባ ያፍራል። ኮፍያዎቹን አጥቤ፣ አጥፌ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።

አራተኛ፤ ብዕር ያስነሳኝ ነገር።

እስከዚህ ያለውን ሁሉ ችዬው ነበር። እውነቴን ነው፣ ችዬው ነበር። ሊጉ ውሉ አይፈርስም ሲል እሺ ብያለሁ፤ የመታወቂያ ቁጥር ነው የሚዳኘው ሲሉኝ እሺ ብያለሁ። ይሁን እንጂ ሊጉ አንድን ሰው ሁለት አድርጋችሁ እንዴት መዘገባችሁ ብሎ ክለቡን ሲጠይቅ፣ ክቡርነትዎ ራስዎን ለማዳን የጻፉትን መልስ ያፊት አሳየችኝ። ምንይችል ቃኘው የሚባል ተጫዋች በእውነት የሌለና ቤተሰቡ ፈጥሮ ያስገባው ስም ስለሆነ፣ በዚህ ስም የተጻፉት የስድሳ አንድ ጨዋታዎች መዝገብ በሙሉ ይሰረዝ ብለው አመልክተዋል። የሊጉ ጉባኤ በመጪው ሳምንት ይወስናል።

የሌለ ስም።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ስም ከየት እንደ መጣ ልንገርዎ፤ ለዚች ብቻ ላፕቶፕዎን ቢዘጉልኝ ደስ ይለኛል። ባንችና እኔ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ወርደን፣ ዛሬ እንሄዳለን ነገ እንሄዳለን ስንባል በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ወራት ስንጠብቅ ነው የተወለደው። ያለ ጊዜው ወጣ፤ ከአንድ እጄ መዳፍ ብዙ አይበልጥም ነበር። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረናል። ጎረቤቶች ሕፃኑን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ይህም አያድግ ተባባሉ። ባንች ያን ሰምታ፣ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ቀና ብላ ተቀመጠችና ስሙ ምንይችል ነው አለች፤ ሞት እሱን ምን ይችለዋል ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ከንፈር የመጠጠ ሰው የለም። ልጁ አደገ።

ወደዚህ አገር በገባን በስድስተኛው ቀን አንዲት ጸሐፊ በጠረጴዛ ላይ ሆና የሕፃኑን ስም ጠየቀችን። ነገርናት። ለመጻፍ ይከብዳል አለችና ያኮቭ ብላ ጻፈች። በዚያን ቀን በጠረጴዛዋ ፊት ያለፉ አራት ሕፃናት ያኮቭ ሆነው ወጡ። ባንች ወረቀቱን አጥፋ በጉያዋ አደረገች። ቤት ስንገባ ግን፣ ወረቀቱ ያኮቭን ያሳድግ፣ እኔ ምንይችልን አሳድጋለሁ አለችኝ። እስክትሞት ድረስ፣ ክለቡ ሊቋቋም ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው የሞተችው፣ ያኮቭ ብላ ጠርታው አታውቅም።

ስለዚህ የእርስዎ ልውውጥ ለእኛ የመጀመሪያው አይደለም። ያቺ ጸሐፊ ግን፣ እውነቱን ለመመስከር፣ ከእርስዎ የተሻለች ነጋዴ ነበረች፤ አንድ ስም ወስዳ አንድ ስም ሰጥታናለች። እርስዎ ያኮቭን ለምርቃት ሰጡ፤ አሁን ደግሞ ምንይችልን ሊሰርዙ ነው። በባዶ እጃችን ልንቀር ነው። በዚህ አገር እናቱ ያወጣችለት ስም በቀለም የሰፈረው በያፊት መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። በፋብሪካው የለም፣ በባንኩ የለም፣ በሐኪሙ ካርድ የለም። ስድሳ አንድ ገጽ ነው። ጉልበቱ ከዚህ ዓመት በኋላ እንደማያስኬደው ሐኪሙ ነግሮታል፤ ሌላ ስድሳ አንድ ገጽ አይኖረውም። አዝኛለሁ፤ ተቆጥቻለሁም፤ ይህን በትሕትና ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደ ቀደድሁ ባወቁልኝ።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄን ይመልሱልኝ አልልም፤ እሱ አልፏል። ግራኙን መቺም ከበዓላት በኋላ በሰላም ያግባዎ፤ አምስተኛው የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂም ስድስተኛ ይጨመርለት። ማመልከቻዎን ብቻ ይሳቡ። ስድሳ አንዱ ገጽ ይቅርልን።

ይህን ስጽፍ ልጄ ዓመቱን እንዲሁ ተኝቶ የሚያሳልፍ እንዳይመስልዎ። የሥራ ተራውን ከጓደኞቹ ጋር ተቀያይሮ ወደ ሰሜን ሄደ። የዚያ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ሻሺ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ላፕቶፕ የላቸውም፤ የተጫዋቾቻቸውን ዝርዝር በእርሳስ ነው የሚጽፉት። ምርቃት ሆኖ የመጣላቸውን ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ቆመው ተቀብለው፣ ቡና እንኳ ሳያቀርቡለት አንዲት ጥያቄ ጠየቁት፦ እናትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ አሉት። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ አገር ስንኖር ይህን ጥያቄ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እርስዎም፣ እኔን ወንበር ከማስገፋትዎ በፊት፣ ሦስት ደቂቃ ተርፎዎ ቢጠይቁት ኖሮ ዛሬ ተቀባይ ነበረዎት።

ስላደረጉልን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ፦ ለማስጠንቀቂያዎቹ፣ ለኮፍያዎቹ፣ ለደም ግፊቱ፣ እንዲሁም አንድ አድርጌ ያሳደግሁት በኩር ልጄ ሁለት መሆኑን ስላሳወቁኝ። ዕድሜዎ ይርዘም፤ ላፕቶፕዎ አይጥፋብዎ፤ በሄዱበት ሁሉ ስምዎን አጥርቶ የሚጽፍ ሰው አይጡ።

እጅግ ዝቅ ብዬ፣ ወንበሬንም እንደ ታዘዝሁት ሁለት ክንድ ወደ ግራ ገፍቼ፣
ቃኘው አቻምየለህ፣
የምንይችል ቃኘውና የያኮቭ አቻምየለህ አባት፣
ሺኩን ቫቲኪም፣ ናታንያ።

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው ማስጠንቀቂያዎ ትናንት ደርሶናል። ምንይችል ቃኘው በዚህ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በዶራው ሜዳ ካልተገኘ ከዝርዝሩ እንደሚሰረዝ ይገልጻል። የጨዋታውን መርሐ ግብር ለመመልከት ጊዜ አላገኙ ይሆናልና ልንገርዎ፤ ዓርብ የምንጋጠመው ከሰሜኑ ክለብ ጋር ነው። ልጄ ታዛዥ ነው፤ ከሦስት ተኩል ጀምሮ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ጭምብሉን አጥልቆ፣ ከእርስዎ መቺዎች ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ያገኙታል። ጤፍና ዳጉሳውንም አልረሳውም፤ አሁን ተጋጣሚው የሆነውን ብዙዓየሁን እግዜር ይሁነው። እባክዎ መገኘቱን ይመዝግቡልኝ። ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ከጠፋዎ፣ ወይዘሮ ሻሺ በማልያው ጀርባ ላይ በትልቁ አጽፈውልዎታል።